ከቃል ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ ቃል፦ የስፖርት ልምምድ አመዘጋገብ ታሪክና የአንገር ጉቲን ወጣት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የተነገረ አይደለም። በየማለዳው ክብደት የሚያነሣ ወጣትና እርሱን የሚያሠለጥን መምህርም ከዚህ ብሂል የሚቀስሙት ቁም ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ፣ ስንት ጊዜና በስንት ዙር እንዳነሣ የማያውቅ ሰው ዛሬ መበርታቱን ወይም መድከሙን በምን ያረጋግጣል? ስለዚህም የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ታሪክ በአመዛኙ የመዝገብ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዘመናችን ደግሞ ይህን መዝገብ በብዕር ሳይሆን በአንደበት የሚቀበል የእጅ ስልክ መተግበሪያ መጥቷል። ስፖርተኛው «ስድሳ ኪሎ፣ ዐሥር ጊዜ» ሲል ስልኩ ሰምቶ በሠንጠረዥ ያሰፍርለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ አሠራር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ማመልከት፣ በምሥራቅ ወለጋ በአንገር ሸለቆ ለሚገኘው ለአንገር ጉቲን ወጣትም ምን ፋይዳ እንዳለው መመርመር ነው።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የክሮቶኑ ታጋይ ሚሎ በየቀኑ አንድ ጥጃ ይሸከም እንደ ነበረና ጥጃው በሬ እስኪሆን ድረስ ጉልበቱ አብሮ እንዳደገ በአፈ ታሪክ ይነገራል። እውነት ሆነም አልሆነም ታሪኩ ትልቅ ትምህርት ይዟል። ለሚሎ መዝገቡ ጥጃው ራሱ ነበር፤ ጭነቱ ቀስ በቀስ መጨመሩን ሳይጽፍ ያውቀው ነበርና። ይህን አሳብ በቁጥር ያሰፈረው ግን አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። ዴሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጎዱ ወታደሮችን ጡንቻ ለማዳን ክብደት ማንሣትን ይጠቀም ነበር። አሠራሩንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። መለኪያው አንድ ሰው ከዐሥር ጊዜ በላይ ሊያነሣው የማይችለው ክብደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባልደረባው ከዋትኪንስ ጋር ሆኖ ባወጣው አሠራር ደግሞ ታማሚው ሦስት ዙር እንዲሠራ ተደነገገ፤ ይኸውም መጀመሪያ የክብደቱን ግማሽ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፣ በመጨረሻም ሙሉውን እያንዳንዳቸውን ዐሥር ዐሥር ጊዜ ማንሣት ነው። ዛሬ በየጂምናዚየሙ «ሦስት ዙር በዐሥር» እየተባለ የሚነገረው የዚህ ሆስፒታል መዝገብ ቅጂ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከመዝገቡ በፊት የነበረው ድምፅ ነው። የአካል ማጎልመሻ መምህር በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» ሲል ወይም የጦር ሠራዊት አሠልጣኝ እርምጃ ሲያስቆጥር ቁጥሩ በአየር ላይ ተነግሮ በአየር ላይ ይቀር ነበር። በ1938 ዓ.ም. ግድም ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል ሲሠራ ከቃሉ ጎን የሰዓት መለኪያን አቆመ። የእርሱ ሠልጣኝ የነበረው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሴኮንድ ድሉን ሲደግም፣ ዓለም ያየው የእግሩን ጽናት ብቻ ነበር። ከጽናቱ በስተኋላ ግን በርቀትና በሰዓት የተለካ ልምምድ ነበር።

የሚያስገርመው ነገር ቶኪዮ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ መጠቀሷ ነው። ከኦሊምፒኩ በኋላ በጃፓን የተቀሰቀሰውን የስፖርት ፍቅር ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1965 «የዐሥር ሺሕ እርምጃ መለኪያ» የሚል ስም ያለው መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። በወገብ ላይ ታስሮ እርምጃን የሚቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ የልብ ምትን ያለ ሽቦ ወደ እጅ ሰዓት የሚያስተላልፍ መሣሪያ አወጣ። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ መዝጋቢው ቀስ በቀስ ከአሠልጣኙ እጅ ወጥቶ ወደ ስፖርተኛው ገላ ተጠጋ። ይሁን እንጂ እርምጃንና የልብ ምትን የሚቆጥር መሣሪያ ወጣቱ ያነሣው ብረት ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አያውቅም። ይህን መናገር ያለበት ሰውየው ነው፤ እጁ ደግሞ በብረቱና በላቡ ተይዟል። አንደበት ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪና የሰውን ቃል እንዲሰማ የማድረግ ጥረት ከቁጥር መጀመሩ ለእኛ ጉዳይ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው «ኦድሪ» የተባለ መሣሪያ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ይለይ ነበር፤ ያውም የለመደው ሰው ሲናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አይ.ቢ.ኤም. በሲያትል ያሳየው መሣሪያ ዐሥሩን ቁጥሮች ጨምሮ 16 ቃላት ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ሃርፒ» ከ1,000 የሚበልጡ ቃላትን ለየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሪ በአፕል ስልክ ላይ ስትወጣ ነገሩ ከላቦራቶሪ ወደ ኪስ ገባ። አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ስልኩ ድምፁን በጥቃቅን ቁራጮች ይከፍላል፤ ቁራጮቹን አስቀድሞ ከሰማቸው ብዙ ድምፆች ጋር ያመሳክራል፤ ከዚያም ይበልጥ የሚመስለውን ቃል ይመርጣል። ስለሆነም ያልሰማውን ቋንቋ አይገምትም። ብረት ሲንኳኳ፣ ሙዚቃ ሲጮኽና ስፖርተኛው ሲያለከልክ ደግሞ የሰማውንም ይስታል።

የአገራችን ቋንቋዎች በዚህ ጎዳና ዘግይተው ቢነሡም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የ100 ሰዎችን ንባብ የያዘ፣ 20 ሰዓት ያህል ርዝመት ያለው የአማርኛ የድምፅ ስብስብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግል በድምፅ ከሚጽፍባቸው ቋንቋዎች ተርታ አማርኛን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛም ተመሳሳይ የንባብ ስብስቦች በተመራማሪዎች ቀረቡ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ያጤኗል፤ ሁሉም ቋንቋ በአንድ ቀን አልተሰማም።

አንገር ጉቲን ላይ ጥያቄው የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። በዚህ የቆላ ምድር ኦሮምኛ የአካባቢው ቋንቋ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የመጡ ወገኖች አማርኛንና ሌሎችንም ቋንቋዎች ይዘው ገብተዋል። አንድ ወጣት በቤቱ በአንዱ፣ በገበያ በሌላው ይቆጥራል። አማርኛ የሚናገር «ሠላሳ» ሲል ስልኩ «ስልሳ» ብሎ ቢጽፍ የሚቀጥለው ሳምንት ጭነት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ወገብ የሚያጎብጥ ስሕተት ነው። «ስድሳ» ብሎ መናገር አደጋውን ይቀንሳል። በኦሮምኛም «ሰዲ» ሦስት፣ «ሰዴት» ስምንት ናቸው፤ እያለከለከ ለሚናገር ሰው ልዩነታቸው ጠባብ ነው። ወጣቱ ስልኩ እንዲቆጥርለት ሲል የእናቱን ቋንቋ ትቶ በባዕድ ቋንቋ መቁጠር ይኖርበታል ወይ? የጽሑፌ ጭብጥ ይኸው ነው።

ሌላም ችግር አለ። በብዙ ከተሞቻችን ወጣቶች የሚያነሡት ክብደት ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ ያጋጠሙት ነው። መተግበሪያው ኪሎውን ሲጠይቅ «ትልቁ ጣሳ» የሚል መልስ አይቀበልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በእህል ወፍጮ ቤት ሚዛን መዝኖ ቁጥሩን በቀለም መጻፍ። መረቡ ግን እንዲህ አይቀልም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። ድምፁን ወደ ሩቅ አገር ኮምፒዩተር ልኮ የሚያስተረጉም መተግበሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዲዳ ይሆናል። ከዚያም ወዲህ በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ደብተሩን አያነሣም።

ይሁንና ከታሪኩ የምናገኘው ተስፋ አለ። የልምምድ መዝገብ የሚፈልገው ሰፊ መዝገበ ቃላት አይደለም፤ አሐዶችና ዐሥሮች፣ «ዙር» እና «ኪሎ»፣ ጥቂት የእንቅስቃሴ ስሞችም ይበቁታል። ኦድሪ ከ70 ዓመት በፊት ዐሥር ቁጥሮችን ከለየች፣ የዛሬ ስልክ ሃምሳ ቃላትን ያለ ምንም መረብ በራሱ ውስጥ ለመለየት ዐቅም አያንሰውም። የሚጎድለው የሰዎቹ ድምፅ ነው። የወለጋ መምህራን የተማሪዎቻቸውንና የወላጆችን ፈቃድ ጠይቀው፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ አዛውንቱንም ልጁንም በኦሮምኛና በአማርኛ ከአንድ እስከ መቶ ቢያስቆጥሩና ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢያስረክቡ፣ ለአንድ የትምህርት ዓመት የማይከብድ ሥራ ነው። ሠልጣኙ እያለከለከ ሲቆጥርም ቢቀዳ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጸጥ ባለ ክፍል የተነበበ ቁጥርና ከስምንተኛው ማንሣት በኋላ የሚወጣ ቁጥር አንድ አይደሉምና።

እስከዚያው ግን አሠልጣኙ ደብተሩን አይጣል። ስልኩ የጻፈውን በየሳምንቱ ከደብተሩ ጋር ያመሳክር፤ ስሕተት ሲገኝ ወጣቱ ክብደት ከመጨመሩ በፊት ይታረም። አበው ቃልንና መጽሐፍን ለይተው የተናገሩት ቃል ስለሚተን ነበር። ዛሬ ቃል ሳይተን ሊጻፍ የሚችልበት መሣሪያ በእጃችን ገብቷል። የአንገር ጉቲን ወጣት በራሱ አንደበት የቆጠረው ቁጥር በመዝገቡ ላይ ሳይዛባ እንዲሰፍር ማድረግ ግን የመሣሪያው ሥራ አይደለም፤ የእኛ የመምህራኑ ሥራ ነው።