እንጆሪና ካንሰር፦ ከአይጥ እስከ ሰው

ለመሆኑ እንጆሪ መብላት ካንሰርን ይከላከላል? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ብዙ ዓመታት ፈጅቶም ገና አልተቋጨም።

በ1981 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንግሊዛውያኑ ሪቻርድ ዶልና ሪቻርድ ፔቶ፣ በአሜሪካ በካንሰር ከሚሞተው ሰው 35 በመቶ ያህሉ ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር ገመቱ። ግምት ነበር፤ ሆኖም የተመራማሪውን ዓይን ወደ ጓዳ መለሰው።

የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ግን መራራ ነበር። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ጥቂት መሆናቸው ስለታየ፣ በፊንላንድ ሲጋራ ለሚያጨሱ ወንዶች ቤታ ካሮቲን በእንክብል ተሰጠ። በጥናቱ የተካፈሉት 29,133 ነበሩ። በ1994 ውጤቱ ሲገለጽ፣ እንክብሉን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ!

በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ስቶነርና ባልደረቦቹ በበኩላቸው ፍሬውን እንዳለ መሞከር ያዙ። እንጆሪ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በቅዝቃዜ አድርቀው ዱቄት አደረጉት። በ2001 እንዳስታወቁት፣ ከምግባቸው 5 ወይም 10 በመቶው የጥቁር እንጆሪ ዱቄት የሆነላቸው አይጦች፣ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ቢወጉም፣ በምግብ ቧንቧቸው ላይ የበቀለው ዕጢ ዱቄቱን ካልቀመሱት ያነሰ ነበር።

አይጥ ግን ሰው አይደለም። ስለዚህ በቻይና፣ የምግብ ቧንቧቸው ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ያሳየ 75 ሰዎች የቀይ እንጆሪ ዱቄት በቀን 30 ወይም 60 ግራም ለስድስት ወር ወሰዱ። በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት፣ 60 ግራም ከወሰዱት 36 ሰዎች በ29ኙ ላይ የለውጡ ደረጃ ዝቅ አለ።

ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ዱቄቱን ሳይወስድ ለንጽጽር የቀረበ ቡድን አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ደግሞ አንዳንዴ በራሱ ይመለሳል። 60 ግራሙም ቢሆን ከግማሽ ኪሎ በላይ ትኩስ ፍሬ ይጠይቃል፤ ያውም በየዕለቱ።

እንግዲህ የእንጆሪ ምግብነት አያከራክርም፤ መድኃኒትነቱ ግን ገና ፍርድ አላገኘም። ጤነኛ ሰው ቢበላው ይጣፍጠዋል እንጂ አይጎዳውም። ሐኪሙን ትቶ በእንጆሪ የሚታመን ሕመምተኛ ግን የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው በዕድሜው ነው።