ከባሕር ማዶ ስለሚሸጠው የአባት መሬት



በሐይቅና በአምባሰል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ነገር አለ። ይኸውም «እገሌ ጅዳ ቁጭ ብሎ የአባቱን መሬት ሸጠ» የሚለው ነው። ወረቀቱ በዘመድ በኩል ይጻፋል፤ ገንዘቡ ለእናት ወይም ለወንድም እጅ በእጅ ይቆጠራል፤ ምስክር ያስፈለገ ጊዜ ደግሞ የሚጠሩት ዞሮ ዞሮ የቅሬ ሽማግሎች ናቸው። ስለዚህ «የአባት መሬት» የሚለው ቃል ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ማንሣቱ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ርስት በጥንቱ ሥርዓት እንደ ዕቃ ገበያ የሚወጣ ነገር አልነበረም። አንድ አቅኚ አባት የያዘውን መሬት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በአባትም ሆነ በእናት በኩል ትውልዳቸውን ቆጥረው የሚካፈሉት መብት ነው። ሰው ለንግድ ቢሰደድ፣ ዘመቻ ሄዶ ቢቀር፣ መብቱ አብሮት አይሞትም። የልጅ ልጁ መጥቶ «ተወላጅ ነኝ፤ ድርሻዬን ስጡኝ» ሊል ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ታዲያ መብቱ የሁሉም ተወላጅ ስለሆነ አንዱ ብቻውን ተነሥቶ ለባዕድ ሊሸጠው አይመችም። ቢቸግረው ወለድ አገድ ያስይዛል፤ አበዳሪው ምርቱን እንደ ወለድ እየበላ ይቆያል፤ ገንዘቡ ሲመለስ መሬቱም ይመለሳል። የሄደው ሰው መብቱ የማይጠፋው፣ የቀረውም እንዳሻው የማይሸጠው በዚሁ በአንድ ምክንያት ነበር። ዛሬ የመጀመሪያውን እናስታውሳለን፤ ሁለተኛውን ግን ረስተነዋል።

እርግጥ ነው፣ የወሎ መሬት ሁሉ ርስት አልነበረም። ጉልት ነበር፤ የቤተ ክህነት መሬት ነበር (የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ራሱ ከአጼ ይኩኖ አምላክና ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ጀምሮ በትውፊት ስሙ ከሲሶ መሬት ጋር ይነሣል)፤ የባላባት መሬት የሚያርስ ጭሰኛም ብዙ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መሬትን የሚሸጥና በመያዣ የሚሰጥ ንብረት አድርጎ ተመለከተው። ያ ሕግ እንኳ በአንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በቀር በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር።

ዋናው ለውጥ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት ተከለከለ። ለአንድ አራሽ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ አይሰጥም ተባለ። ሰው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች፣ እነዚህ ከሌሉ ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጅ ይተላለፋል። የርስት አገር ገበሬም በጊዜው የሚያርሰውን እንዲይዝ ተደረገ እንጂ ከሩቅ ያለ ተወላጅ እየመጣ ትውልድ የሚቆጥርበት ነገር አበቃ። አራሹ ከጭሰኝነት ወጣ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ቀን ግን መሬት ከደም ተለይቶ ከእጅ ጋር ታሠረ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ወዲያው ቀመሰው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል በሠፈራ ከተወሰደው 600 ሺህ ገደማ ሰው ትልቁ ድርሻ የወሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የተመለሰው ብዙ ሰው መሬቱን በሌላ እጅ አገኘው። «አባቴ ያረሰው ነው» ቢል የሚሰማው አጣ። በ1983 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መሬቱ እንደ ገና ተሸነሸነ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለውን አጸናው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባል ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የሚጋራውን ነው። ልብ በሉ፤ የተወለደውን አይደለም! አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ቢተካም የሽያጩ ክልከላ በሕገ መንግሥቱ ስላለ አልተነካም። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998ም ይዞታ በውርስ የሚያልፈው በግብርና ለሚተዳደር ወይም መተዳደር ለሚፈልግ ነው ብሎ ደነገገ። ከዚሁ ጋር ኪራይን እስከ 25 ዓመት ፈቀደ።

እንግዲህ ሽያጩ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ «ኪራይ» ይላል፤ ተዋዋዮቹ በልባቸው «ሽያጭ» ይላሉ። አንዳንዱም «ስጦታ» ብሎ ያጽፋል። አምባሰል ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር እያለ አገር አጣልቶ እስከ ዐድዋ አድርሷል። በሁለት ሰው መካከል የሚደረግ ወረቀት ያን ያህል አያደርስም፤ ወንድምና እኅትን ግን ያቆራርጣል።

የሚጎዳውስ ማን ነው? አንደኛ ገዢው ነው። ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሉ ፈራሽ ይሆናል፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ደግሞ ተከሳሹ ባሕር ማዶ ነው። ሁለተኛዋ አገር ቤት የቀረችው እኅት ናት። አባትና እናትን ጧሪዋ፣ መሬቱ ጦም እንዳያድር እኩል አራሽ ፈላጊዋ፣ ለቅሬ መዋጮ ከፋይዋ እርሷ ናት፤ ሽያጩን ግን ከጎረቤት ትሰማለች። ሦስተኛው ሻጩ ራሱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከመካከላቸው ብዙ የወሎ ልጆች ነበሩ። ባዶ እጁን ለተመለሰ ሰው ያቺ ቁራሽ መሬት ምን እንደሆነች ያየ ያውቀዋል። ስደት ላይ ያለው ልጅ ግፈኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ የሚሸጠው ለደላላ የተበደረውን ለመክፈል ነው።

ከባሕር ማዶ ሆኖ በሕግ መሸጥ የሚቻል ነገርም አለ። ሕገ መንግሥቱ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራውን፣ ማለትም ቤቱን፣ ባሕር ዛፉን፣ መሬት ላይ የተደረገውን ቋሚ መሻሻል የሠሪው ንብረት ያደርገዋል፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል። በክልላችን የተሰጠው የይዞታ ደብተርም የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አብሮ የያዘ ስለሆነ መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ሽማግሌው ብዕር ከማንሣቱ በፊት ገልጦ ሊያየው ይችላል።