የሒሳብ መዝገብ የማይዘው ዕዳ

ነጋዴ በመንገድ ላይ ሲሞት ዕዳው ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ጥያቄ ዛሬ ሕግና ፍርድ ቤት መልስ አላቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ ወደ ሸዋ በሚወጣው የሲራራ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። ውሉ በአንድ አገር ቋንቋ ተጽፎ በሌላ አገር ይፈጸማል፤ ዳኛው ሩቅ ነው፤ ምስክሩ በረሃ ላይ ይቀራል። ስለዚህም ንግዱን ያቆመው ምሰሶ ከወረቀቱ ይልቅ የነጋዴው ጠባይ ነበር። ስለዚያ ጠባይ በጽሑፍ ከቀሩት ማስረጃዎች መካከል እጅግ ግልጽ የሆኑት አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ የጻፋቸውና የተጻፉለት ደብዳቤዎች ናቸው።

ራምቦ በሻርልቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1854 ተወለደ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገሩን ሥነ ግጥም መልክ የለወጡ ሥራዎቹን በወጣትነቱ ጽፎ ብዕሩን ጣለ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላም ኤደን ደረሰ። በዚያ ባርዴ በሚባል የቡናና የቆዳ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ። አምስት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ፣ በኦክቶበር 1885 ሥራውን ትቶ በሸዋ ብዙ ከኖረው ከነጋዴው ፒየር ላባቱ ጋር ሽርክና ገባ። ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚያቀርቡት ዕቃ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ሠራዊት ዘንድ ከተጣሉ አርባ ዓመት የሆናቸው አሮጌዎች ናቸው። ራምቦ ይህን ከቤተሰቡ አልደበቀም፤ አንዱ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ ተገዝቶ ለንጉሡ በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ፣ የመንገዱ ወጪ ግን ከባድ መሆኑን ጻፈላቸው።

ይህ ንግድ ገና ከመነሻው የኅሊና ጥያቄ ያዘለ ነበር። በ1886 የፈረንሳይና የእንግሊዝ መንግሥታት በዚያ የባሕር ዳርቻ በኩል መሣሪያ እንዳይገባ ሲስማሙ ሲራራው ታጁራ ላይ ታገተ። ራምቦና ላባቱ ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ፤ የመሣሪያ ንግድና የባሪያ ንግድ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች እንደሆኑም ተከራከሩ። ክርክሩ ከፊል እውነት ነበረው፤ ባሪያ ወደ ባሕር የሚያወርዱት የአውሮፓ ነጋዴዎች አልነበሩም። ሆኖም ራምቦ ራሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የታጁራ ሕዝብ ንግድ ባሪያ መሆኑን ለቤተሰቡ ጽፎ ነበር። ጠመንጃው የሚወጣበትና ሰው በሰንሰለት የሚወርድበት መንገድ አንድ ነው፤ ግመሉን የሚያከራየውና መንገዱን የሚመራውም በአብዛኛው ያው ሰው ነው። ነጋዴው በአቤቱታው ላይ ሁለቱን ለየ፤ በመንገዱ ላይ ግን ሊለያቸው አይችልም ነበር።

ከዚያ ሞት መጣ። ላባቱ በጠና ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና በዚያው አረፈ። ራምቦ ሲራራውን ሊያጣምር ያሰበው ሌላው ነጋዴ፣ ፖል ሶሌዬ፣ በሴፕቴምበር 1886 ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር ብቻውን ጉዞ ጀምሮ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ በዚያ ሰዓት ከጨለንቆው ድል በኋላ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበር፤ ከምርኮው መካከል እያንዳንዳቸው በሰማንያ ሰው የሚጓጓዙ ሁለት የክሩፕ መድፎች እንደነበሩበት ራምቦ ካይሮ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ጽፏል።

ድል አድርገው ለገቡት ንጉሥ የራምቦ አሮጌ ጠመንጃ ያን ያህል አላስፈለገም። ራምቦ በኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ባቀረበው ሒሳብ መሠረት፣ ንጉሡ ለሲራራው በጠቅላላ 14,000 ጠገራ ብር ቆረጡ። ከዚህ ላይ ለግመል ኪራይና ለመንገድ ወጪ 2,500 ብር ተቀነሰ። ሟቹ ላባቱ የንጉሡ ባለ ዕዳ ነበር ተብሎም ሌላ 3,000 ብር ተያዘ። ይህ እንግዲህ የራምቦ ወገን ቃል ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ወገን ያለውን ሒሳብ ደብዳቤው አይነግረንም። በዓይኑ ያላየውን ዕዳ የከፈለው ራምቦ ግን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለው የአገሩ ተረት በራሱ ላይ ሲደርስ አየ።

ወሬው እንደተሰማ የላባቱ አበዳሪ ነን የሚሉ ሁሉ ከየአቅጣጫው መጡ። የሟቹ ኢትዮጵያዊት ሚስት አቤት አለች፤ ክርክሩም በአንኮበር አዛዥ ፊት ታየ። ራምቦ የሟቹን ንብረት እንዲይዝ ፈቃድ አግኝቶ ቤቱ ሲገባ ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ ሸሽቶ አገኘው። በቤቱ የነበሩትን የላባቱን የማስታወሻ ደብተሮች የማይረቡ ናቸው ብሎ አቃጠላቸው፤ በመካከላቸው የንብረት ሰነዶች እንደነበሩ የተነገረው ግን በኋላ ነው። ቸኩሎ የወሰነው ውሳኔ የሌላውን ሰው መብት አብሮ አነደደ። በዚያ ቤት ከቀሩት ነገሮች መካከል ጥቂት አሮጌ ልብሶች፣ የጥይት ማቅለጫ ቅርጾች፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆኑ አሥራ ሁለት ያህል ሴት ባሮች እንደነበሩና ሴቶቹን ትቷቸው እንደወጣ ይናገራል። ሴቶቹ የተጠቀሱት ከዕቃው ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አልወሰዳቸውም፤ ስለ ዕጣቸውም አንድ ቃል አልጨመረም።

የዚሁ ደብዳቤ ሌላ ገጽ ደግሞ የተለየ ሰው ያሳያል። ከአበዳሪዎቹ መካከል ደመወዛቸው የቀረባቸው አሽከሮችና ድኾች ነበሩ። ራምቦ በፊርማው ያልገባበትን፣ ማንም ዳኛ ሊያስከፍለው የማይችለውን የእነዚህን ሰዎች ገንዘብ እውነተኛነታቸውን አምኖ ከፈለ። ዱቧ የሚባል ሰው ሃያ ብር ሲጠይቀው ተገቢ ሆኖ ስላገኘው ገንዘቡን ሰጠው፤ ሰውየው በባዶ እግሩ መሄዱን ስለነገረውም የራሱን ጫማ በወለድ ፈንታ ጨመረለት። ራምቦ በዚህ ንግድ ከካፒታሉ ስድሳ በመቶ እንደከሰረ ጽፏል። በዚያው ዓመት ካይሮ ሲደርስ አሥራ ስድስት ሺህ ፍራንክ በላይ የሚያወጣ ወርቅ በመቀነቱ ይዞ ስለነበር ግን የኪሳራውን ልክ የሚጠራጠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ያም ሆኖ የቀድሞ አሠሪው ባርዴ ሳይቀር የራምቦን ልግስና፣ ያውም ሳይታይ የሚፈጸም መሆኑን፣ ከዓመታት በኋላ መስክሮለታል።

በ1888 ራምቦ ሐረር ላይ የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ። በኤደን ከሴዛር ቲያን ጋር፣ በሸዋ ደግሞ ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ይሠራ ነበር። ኢልግ ከ1879 ጀምሮ በምኒልክ አገልግሎት የነበረ፣ ኋላም የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው። ራምቦ ጨርቅና ድስት ወደ ሸዋ ይልካል፤ ኢልግ እየሸጠ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመልሳል። በደብዳቤዎቻቸው ውስጥ ኢልግ ወዳጁን ከሚወቅስባቸው ነገሮች አንዱ የስንቅ ጉዳይ ነው፤ ከሐረር የሚመጡ የሲራራ ሰዎች ተርበውና ታመው እንደሚደርሱ፣ በእህል ላይ ጥቂት ብር መቆጠብም እንደማያዋጣ ይጽፍለታል።

በዲሴምበር 20 ቀን 1889 ራምቦ ለኢልግ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድ ትእዛዝ ይገኛል፤ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ወንድ ልጆች፣ ባሮች፣ እንዲላኩለት ይጠይቃል። ጥያቄው ከሌላው የንግድ ጉዳይ ጋር በተራ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ምላሹ ከስምንት ወር በኋላ፣ በኦገስት 23 ቀን 1890 ተጻፈ። ኢልግ በባሮቹ ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚህ በፊት ገዝቶ እንደማያውቅና መጀመርም እንደማይፈልግ ገለጸ። የራምቦን በጎ አሳብ እንደማይጠራጠር ጨምሮ፣ ለራሱ እንኳ ቢሆን ግን እንደማያደርገው ነገረው። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃና ስለ ሒሳብ የሚያደርጉት ጽሕፈት ቀጠለ።

በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ምክንያት ራምቦን ባሪያ ነጋዴ የሚያደርጉ ነበሩ፤ ለዚያ ክስ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ጥያቄው ለቤት አገልግሎት እንጂ ለንግድ አልነበረም። ነገር ግን ከክሱ ነጻ መሆን ከጥያቄው ነጻ አያደርግም። ለድኻ አበዳሪ ጫማውን ያወለቀው እጅና ሁለት ልጆችን ከበቅሎ ጋር በትእዛዝ ዝርዝር ላይ ያሰፈረው እጅ አንድ ነው። በገንዘብ ረገድ ጠንቃቃና እውነተኛ የነበረው ሰው፣ የሰውን ልጅ በዕቃ ዓምድ ውስጥ ሲጽፍ ቀለሙ አልተንቀጠቀጠም። የሒሳብ ታማኝነት ትልቅ ነገር ነው፤ ኅሊናን ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

«ዘመኑ ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይበቃም። ምኒልክ የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ንግዱ እንዳልቆመ፣ ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረውም በ1942 መሆኑ እውነት ነው። ኢልግ የኖረው ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ልማድ መካከል ነው። ቅዱስም አልነበረም፤ እሱም ለንጉሡ መሣሪያ በማቅረብ ሥራ ውስጥ ነበረበት። እምቢታው ዋጋ የሚኖረው ስለዚህ ነው። በሁሉም ነገር ንጹሕ መሆንን አልጠበቀም፤ የማይሻገረውን አንድ ድንበር ያውቅ ነበር፤ ትርፍና ወዳጅነት ወደዚያ ድንበር ሲገፉት ቆመ። ወዳጁን አልሰደበም፤ ስብከትም አልሰበከም፤ የራሱን እጅ ብቻ ሰበሰበ።

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ንግድ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ሆኖም በዚያው ዳርቻ ያለችው ኦቦክ በዘመናችን ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሻገሩ ስደተኞች መነሻ ሆናለች፤ ደላላውም ዋጋውን የሚቆርጠው በነፍስ ወከፍ ነው። ከእሱ ጋር የሚሠራ ባለ ጀልባ፣ ባለ መኪና፣ ገንዘብ አስተላላፊ እያንዳንዱ የሒሳቡን ትክክለኛነት ሊያረጋግጥ ይችላል። ሒሳቡ የተሠራው በምን ላይ እንደሆነ መጠየቅ ግን ከመዝገቡ ውጭ ያለ ሥራ ነው።

ራምቦ በኤፕሪል 1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ በኖቬምበር 10 ቀን ማርሴይ ላይ አረፈ። ከመሞቱ በፊት ሐረር ላይ በአሽከርነት ላገለገለው ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዘዘ። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተከፈለ። ከኢልግ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ደግሞ በ1965 በፓሪስ በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። ትእዛዙና እምቢታው ዛሬ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይነበባሉ።