ሁለት መዝገቦችን ስለ ማገናኘት፤ ከወርቅ ግብር እስከ ኤ.ፒ.አይ.

ሆሞሻ በአሶሳ ዞን፣ ከሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ የሚገኝ ወረዳ ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ሠራዊት ይህን የበርታ ምድር ወደ ዐፄ ምኒልክ ግዛት ካስገባ በኋላ፣ የአሶሳው ገዥ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን በወርቅ ይገብሩ ነበር። ከሩቅ አገር የሚላክ ግብር በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ መቈጠሩ አይቀርም። ሁለቱ ቈጠራ ያልተስማማ እንደ ሆነ ጉድለቱ የማን ዕዳ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ጥያቄ በዘመናችንም እንዳልተለወጠ ማስረዳት ነው።

የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አያሌ ባንኮች ተቋቋሙ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መዝገቡን ለብቻው ይይዝ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 ወጣ፤ ኢትስዊችም ተቋቋመ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ መኪና ገንዘብ ማውጣት ቻለ። የነጋዴው መዝገብ ግን ገና ከውጭ ቀርቶ ነበር። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ጸሐፊ የባንኩን ደረሰኝ እያየ በእጁ ይጽፍ ነበር።

ይህን ድካም የሚያስቀረው ኤ.ፒ.አይ. እንደ ኬላ ያለ ነው። መንገደኛው ማንነቱን በምስጢር ቁልፍ ያስታውቃል፤ ጥያቄውን በተወሰነው ደንብ ያቀርባል፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል እንጂ ወደ ግምጃ ቤቱ አይገባም። በውጭ አገር ሴልስፎርስና ኢቤይ እንዲህ ያለውን በር የከፈቱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ነበር። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ የንግድ ድርጅቶች ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ ከክፍያው ጋር ይገናኛሉ።

ችግሩ የሚነሣው መስመሩ በመካከል ሲቋረጥ ነው። ከገዢው ሒሳብ ገንዘቡ ተቀንሷል፤ የሻጩ መዝገብ ግን «አልተከፈለም» ይላል። ጥያቄው እንደ ገና ቢላክ ገዢው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ጥያቄ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩም ቁጥሩን አይቶ ሁለተኛ አያስከፍልም። ማታም ሁለቱ መዝገቦች ይመሳከራሉ።

ከዚህ እንደምንረዳው መሣሪያው በገንዘብ ይገዛል፤ ጉድለቱን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው ግን ሕግና ውል ነው። የሆሞሻ ገዢ በእጁ ያለው ማስረጃ በስልኩ የደረሰው መልእክት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም መዝገቦች ለማየት አይችልም። እንግዲህ የማመሳከሩ ሸክም በመዝገቦቹ ባለቤቶች ላይ እንጂ በርሱ ላይ ሊወድቅ አይገባም።