ደላላው የማን ወኪል ነው? በቤትና በቦታ ግብይት የአገናኙ ሰው አማና

አምቦ ላይ ቤት ወይም ቦታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ባለቤቱን ሳይሆን ደላላውን ነው። ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶና ባኮም ያው ነው። ማን ለመሸጥ እንዳሰበ፣ የማን ካርታ እንደወጣ፣ የየትኛው ግቢ ውርስ እንዳልተከፋፈለ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ገዢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአካባቢው እንግዳ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመደበ ሠራተኛ፣ ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ነጋዴ፣ ወይም ዓረብ ሀገር ሠርታ ያጠራቀመችውን ለወንድሟ የላከች እህት።

እኛም በዞኑ ካሉት ከተሞች በአንዷ እናስተምር በነበረበት ጊዜ ቤት የተከራየነው በደላላ ነው። ዋጋ እንዲያስቀንስልን ለምነነው፣ ደክሞልናል ብለን ኮሚሽኑን ከፈልን። ከወራት በኋላ ከአከራያችን ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩ ወጣ። ለካ ሰውዬው ዋጋው እንዳይቀንስ አድርጎ ተከራይ እንዲያመጣ ከእርሳቸውም ተቀብሎ ኖሯል። ያጣነው ገንዘብ ትንሽ ነበር። ጥያቄው ግን ከአእምሯችን አልወጣም፤ ያ ሰው የማን ወኪል ነበር?

ማገናኘት እና መወከል

በሀገራችን ሕግ ደላላና ወኪል አንድ አይደሉም። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ራሱን ችሎ፣ ሙያው አድርጎ፣ ለጥቅም ሲል መዋዋል የሚፈልጉ ሰዎችን የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ነበር ያየው። ይህ ሕግ በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 በከፊል ተተክቷል። ወኪል ግን በዚያው በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2199 መሠረት በሌላ ሰው ስም ሕጋዊ ሥራ ለመሥራት የተዋዋለ ሰው ነው። ደላላው ያገናኛል፣ ወኪሉ ይፈርማል ብሎ ማሳጠር ይቻላል።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም መንገድ ላይ ሲወርድ ይጠፋል። ደላላው "ሻጩ ከዚህ አይወርድም" ሲል ስለ ሻጩ እየተናገረ ነው። ወዲያው ዞር ብሎ ገዢውን "ለአንተ ስል አስቀንሼልሃለሁ" ይለዋል። ከሁለቱም ይከፈላል፣ ሁለቱም የኔ ሰው ነው ብለው ያምኑታል። በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት ከመቶ መጠየቅ የተለመደ ነው። በትንንሽ ከተሞች ግን እንደ ሰውየውና እንደ ድርድሩ ነው። ከሁለቱ ወገን መቀበሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አንዱ የሌላውን ክፍያ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

በወኪል ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። አንቀጽ 2208 ወኪሉ ለወካዩ ፍጹም ታማኝ እንዲሆንና ወካዩ ሐሳቡን ሊያስቀይረው የሚችለውን ነገር ሁሉ እንዲያሳውቀው ያዛል። አንቀጽ 2209 ደግሞ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፣ ከሥራውም ወካዩ የማያውቀውን ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። ወኪሉ የወካዩን ንብረት ዞሮ ለራሱ ቢገዛው ወካዩ ውሉን ማስፈረስ ይችላል (አንቀጽ 2188)። የወኪሉና የወካዩ ጥቅም ከተጋጨ፣ ሦስተኛው ወገንም ይህን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ያኔም እንዲሁ ነው (አንቀጽ 2187)።

በፊቅህ መጽሐፎቻችን የወካላን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ይህ ሁሉ አዲስ አይሆንበትም። በሻፊዒይ መዝሀብ እንዲሸጥ የተወከለ ሰው ዕቃውን ለራሱ መሸጥ አይችልም፤ ሻጭነቱ ዋጋውን ከፍ እንዲያደርግ፣ ገዢነቱ ዝቅ እንዲያደርግ ስለሚገፋው። ኢማም ቡኻሪ የዘገቡት የዑርዋ አልባሪቂይ (ረ.ዐ.) ታሪክ ደግሞ ነገሩን ከየትኛውም አንቀጽ በላይ ያሳየናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠ፣ በግና ዲናር ይዞ መጣ። ትርፉን ያመጣው የእሱ ብልጠት ነው፤ ሆኖም ለራሱ አላስቀረውም፣ አልደበቀውምም። እርሳቸውም በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት።

"ከዚህ በላይ የሸጥከው ያንተ ነው"

በመስጊድ በር ላይ ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ይህን ነው። ባለቤቱ "ለእኔ ሁለት ሚሊዮን ይግባልኝ፣ ትርፉ ያንተ" ይላል። ይህ ሐላል ነው ወይ?

ጥያቄው የቆየ ነው። ቡኻሪ ስለ ደላላ ክፍያ በከፈቱት ርዕስ ሥር ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂም እና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ አስፍረዋል። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ደግሞ አንድ ሰው ልብሱን ሰጥቶ ከዚህ ዋጋ በላይ ያለው ያንተ ነው ማለቱ ችግር እንደሌለበት ጠቅሰዋል። ኢማም አሕመድና ኢስሓቅ ይህን ይዘው ፈቅደውታል። ብዙኃኑ ፉቀሃእ ግን ክፍያው ስንት እንደሆነ አይታወቅም በማለት አልተቀበሉትም። በዚህ ጉዳይ የተለያዩት ትልልቅ ሰዎች ናቸውና አንዱን ሐሳብ የያዘ ሌላውን ሊያወግዝ አይገባም።

ነገር ግን የፈቀዱትም የፈቀዱት ባለቤቱ አውቆና ወዶ የተናገረውን ነው። በእኛ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ሌላ ነው። ባለቤቱ ሁለት ሚሊዮን ሲል ደላላው ገበያው ሁለት ሚሊዮን ተኩል እንደሆነ ያውቃል፤ ዝም ይላል። ወይም ገዢና ሻጭ እንዳይገናኙ አድርጎ፣ ለሻጭ አንድ ዋጋ ለገዢ ሌላ ዋጋ ተናግሮ መካከሉን ይወስዳል። ይህን ከኢብኑ ዐባስ ንግግር ጋር ማገናኘት አይቻልም። ኢብኑ ዐባስ ራሳቸው ከተሜው ለገጠሬው እንዳይሸጥለት የሚከለክለውን ሐዲሥ ሲያብራሩ ደላላ እንዳይሆንበት ማለት ነው ብለው ተርጉመውታል። የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ የሚገባ ሰው መጠበቂያ እንደሚያስፈልገው ያኔም ታይቷል።

ሌላው የተከለከለ ነገር ነጅሽ ነው። የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ዋጋ እየጨመረ ሌላውን ማነሣሣቱ ማለት ነው። "ትናንት አንድ ሰው ሦስት ሚሊዮን ሰጥቶ ሄዷል" የሚለው፣ ሰውየው በሌለበት ሲነገር፣ በስልክ የሚሠራ ነጅሽ ነው።

ምን መናገር አለበት?

ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ግመል ከግቢያቸው ገዝቶ የወጣን ሰው ተከትለው ደርሰውበት፣ የግመሏ ኮቴ ችግር እንዳለበት እንደነገሩት ኢማም አሕመድ ዘግበዋል። ሻጩ ንግዴን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ። እርሳቸው ግን ነውሩን የሚያውቅ ሰው ሳይናገር ሊያልፍ እንደማይፈቀድለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ። ግዴታው በሻጩ ላይ ብቻ እንዳልቆመ ልብ እንበል። በሻፊዒይ መዝሀብም ሻጭ ያልሆነ ሰው ነውሩን ካወቀ ለገዢው መንገር አለበት ተብሏል። እንግዲህ ኮሚሽን የሚበላው ሰው እንዴት ነጻ ይሆናል?

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዋናው ነውር የተሰነጠቀ ግድግዳ አይደለም፤ ነውሩ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ ይዞታውም ይከተለዋል። ስለዚህ ደላላው ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ ብሎ ጠይቆ መናገር አለበት። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት ወይ? ግንባታውስ ምን ያህል ደርሷል? በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታው ሳይጋመስ መብቱን ማስተላለፍ ገደብ አለበትና።

ከሁሉ የከፋው በከተማ ዳር ያለው የእርሻ መሬት ነው። ካርታ የሌለው፣ በኪራይ ወይም በብድር ስም በተጻፈ ወረቀት የሚሸጥ ቦታ። "ካርታው በቅርቡ ይወጣል" የሚለው ቃል ስንቱን አስለቀሰ! እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚጸና ስላልሆነ ገዢው ቦታውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል። ይህን እያወቀ የሚያገናኝ ደላላ ሻጩ የእሱ ያልሆነውን እንዲሸጥ እየረዳ ነው። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) እጃቸው ላይ የሌለውን ስለመሸጥ ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋቸዋል። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ በንግዳቸው በረካ እንደሚያገኙ የሚናገረውን ሐዲሥ የዘገቡትም እኚሁ ሶሓባ ናቸው።

ከዚህ በተጨማሪ ሚራስ ያልተከፋፈለበት ግቢ አለ። አባት ሞቶ ታላቅ ወንድም ብቻውን ሲሸጥ የእህቶቹ ድርሻ በውስጡ አለ። ባልና ሚስት ያፈሩት የጋራ ቤትም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። በባንክ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ቤትም ያጋጥማል። ደላላው እነዚህን ካወቀ ዝም የማለት መብት የለውም።

መናገር የሌለበት ነገርም አለ። ሻጩ ቸግሮኛልና እስከዚህ ድረስ እወርዳለሁ ብሎ በምሥጢር የነገረውን ለገዢ ማቀበል ክህደት ነው፤ የገዢውን የመጨረሻ ዋጋ ለሻጭ ማቀበልም እንዲሁ። የንብረቱ ነውር ይነገራል፣ የሰውየው ምሥጢር ይጠበቃል። ለሁለቱም የሚሠራ ደላላ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ፈቃድ ያለው የቤት አሻሻጭ ለማን እንደሚሠራ ገና ከጅምሩ እንዲያሳውቅ ይገደዳል። ቴክሳስ ላይ ለሁለቱም ወገን ለመሥራት የሁለቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፣ አንዱ የሚቀበለውን ዋጋም ሳይፈቀድለት ለሌላው አይናገርም። ዳላስና ሂውስተን ያሉ ወገኖቻችን ቤት ሲገዙ የሚሰጣቸው ያ ወረቀት ለዚህ ነው።

በሀገራችን የድለላ ሥራ እንደማንኛውም ንግድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ምዝገባና ፈቃድ ይጠይቃል። የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚመለከት አዋጅም በ2017 ጸድቋል። መንገድ ዳር ቁልፍ ይዞ ከሚቆመው ወንድማችን ፈቃድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ደላላው ሲዋሽ ዕዳው የማን ነው?

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢን ያታለለው ሻጩ ሳይሆን ሦስተኛ ሰው ከሆነ፣ ሻጩ ማታለሉን ካላወቀ ወይም ማወቅ ካልነበረበትና ካልተጠቀመበት በቀር ውሉ ይጸናል። ስለዚህ የደላላውን ቃል ብቻ ይዞ የፈረመ ገዢ በኋላ "ደላላው እንዲህ ብሎኝ ነበር" ቢል ውሉን ለማስፈረስ ላይበቃው ይችላል። ወሳኝ የሆነውን ነገር ሻጩ ራሱ በውሉ ላይ እንዲጽፈው ማድረግ ያስፈልጋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 2877)። ደላላው ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ወረቀትም ሥልጣን ባለው አካል ፊት እስኪረጋገጥ ድረስ ገዢን አያስተማምንም። ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን የምናውቅ ሰዎች "በመተማመን" እያልን ወረቀት መናቃችን ይገርመናል።

ቀብድም አለ። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ቀብድን ማስቀረት ብዙኃኑ ሲከለክሉ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። ስለዚህ ሰነዱ ሳይታይ ደላላው "ቀብድ ጣል፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ሲል አለመቸኮል ነው።

ከውጭ ሆናችሁ ውክልና የምትልኩ

ጅዳና ዱባይ ያሉ እህቶች ለወንድም ወይም ለአጎት "ጠቅላላ ውክልና" ልከው ቤት ሊሸጥላቸው እንደሚችል ያስባሉ። አይችልም። በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ገዢም ቢሆን የወኪሉን ወረቀት ራሱ ያንብብ፤ "መሸጥ" የሚል ቃል ከሌለበት አይፈርም። ወካዩ ከሞተም ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው ያበቃል፣ በሸሪዓም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ንብረቱ የወራሾች ነው።

ወኪል የሆነው ወንድም ሒሳብ ሲጠየቅ "አታምኚኝም እንዴ?" ብሎ መቆጣቱ የተለመደ ነው። ሒሳብ ማቅረብ ግን በሕጉም በአማናውም የወኪል ግዴታ ነው። ለድካሙ ክፍያ ከፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ስንት እንደሆነም ይጻፍ።

ሥራቸውን በሐላል መሥራት ለሚፈልጉ ደላላ ወንድሞቻችን ደግሞ፦ ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛህ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት፣ በመዲና እነሱ "ሰማሲራ"፣ ማለትም ደላሎች፣ ይባሉ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያ የተሻለ ስም ሰጥተው ነጋዴዎች ብለው ጠሯቸው፣ ንግዳቸውንም ከሰደቃ ጋር እንዲቀላቅሉ መከሯቸው። ሥራው የተናቀ አይደለም። ደንበኛው ቤቱን ለማየት ከመሄዱ በፊት በአንዲት ገጽ ላይ ለማን እንደምትሠሩ፣ ከማን ስንት እንደምትቀበሉ፣ ሻጩ ዘመዳችሁ ከሆነም ይህንኑ ጽፋችሁ ስጡት። ስለ ካርታው፣ ስለ ዕዳውና ስለ ወራሾቹ የምታውቁትን ከሥሩ ጨምሩ፣ ያላጣራችሁትንም "አላጣራሁም" ብላችሁ ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።