ምን ያህል ቢጫ?

2005 ዓ.ም. የማልያ ዓመት ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈው ደቡብ አፍሪካ ደርሰው ተመልሰዋል። ከመርካቶ እስከ ቦንጋ ገበያ ድረስ ማልያቸው እንደ ጉድ ይቸበቸባል። አጎትም ለበሰው፣ ኳስ ከሩግቢ የማትለይ እህትም ለበሰችው። ብር ከከፈልክ ማንም “ይገባሃል ወይ?” ብሎ አይጠይቅህም።

ሜዳ ውስጥ ግን ይጠየቃል። እዚያ ማልያ ለመልበስ ወረቀት ያስፈልጋል። እኛ ይህን የተማርነው በዚያው ዓመት፣ ያውም በጭፈራ መሀል ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2005፣ እሁድ። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ፣ የ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። በርናርድ ፓርከር አገባብን፤ ጌታነህ ከበደ ከእረፍት በፊት አቻ አደረገን። ከዚያ በ70ኛው ደቂቃ ያው ፓርከር ኳሷን ወደ ገዛ መረቡ ከተታት (እንዲህ ያለ እንግዳ ከየት ይገኛል!)። 2 ለ 1። ነጥባችን 13፣ የደቡብ አፍሪካ 8፣ የቀረው አንድ ጨዋታ። ሒሳብ የማይወድ ሰው እንኳ ሊያሰላው ይችላል፤ ምድቡ አለቀ። ከተማው አበደ።

ጭፈራው ሳይበርድ ከፊፋ ዜና መጣ። ከስምንት ቀን በፊት፣ ሰኔ 1፣ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ መጫወት አልነበረበትም። ቀደም ባሉት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቷል፤ ሁለት ቢጫ ደግሞ የአንድ ጨዋታ ቅጣት ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። ምን ያህል? ሁለት! መልሱ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

የያኔው ደንብ ጨካኝ ቢሆንም ግልጽ ነበር። የተቀጣ ተጫዋች ያሰለፈ ቡድን በሜዳ ያመጣው ውጤት ይሰረዝና 3 ለ 0 ተሸናፊ ይሆን ነበር፣ በትንሹ 6 ሺህ የስዊዝ ፍራንክም ይቀጣ ነበር። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ምን ብሎ ይከራከራል? ካርዶቹ በዳኛ ሪፖርት የሰፈሩ ናቸው። ሦስት ነጥባችን ተነጥቆ 13 የነበረው 10 ሆነ፤ ያለቀው ምድብም እንደገና ተከፈተ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ጉዳይ በየካፌው የሚነሳው እስካሁን “የምንያህል ካርድ” እየተባለ ነው። የፊፋ ፋይልም የሚያውቀው የእሱን ስም ነው። ግን ቢጫ የሚቆጥረው ማነው? ተጫዋች አሰልጣኙ ግባ ሲለው ይገባል። የአንድ አገር ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት አለው፣ ደብዳቤ የሚቀበል ሠራተኛ አለው፣ ከቡድኑ ጋር የሚጓዝ ቡድን መሪ አለው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዘጠና ደቂቃ መሮጥ አይደለም፤ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጭረት መጫር ነው። ጭረቱ አልተጫረም። ስሙ የቀረው ግን የሮጠው ልጅ ነው። እኔ ይህ ፍርድ መቼም አይዋጥልኝም።

ለነገሩ በዚያ ማጣሪያ ብቻችንን አልነበርንም። ቶጎ በዚያው ሰሞን ካሜሩንን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ አሌክሲስ ሮማዎን በቅጣት ላይ እያለ በማሰለፏ ድሉን አጣች። የኢኳቶሪያል ጊኒ ደግሞ የካርድ ሳይሆን የዜግነት ጣጣ ነበር። ስፔን ተወልዶ በስፔን ወጣት ቡድኖች ያደገው ኤሚሊዮ ንሱዌ ኬፕ ቨርዴ ላይ ሦስት ጎል አግብቶ 4 ለ 3 አሸነፉ፤ ጨዋታው በፎርፌ ለኬፕ ቨርዴ ተሰጠ። (ወረቀቱ ንሱዌን አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ፊፋ “ድሮም አይገባህም ነበር” ብሎ አገደው።)

የኬፕ ቨርዴው መጨረሻ ደግሞ ከሁሉም ይመራል። በዚያው በተሰረዘው ጨዋታ ፈርናንዶ ቫሬላ የተባለ ተከላካያቸው ቀይ ካርድ አይቶ ነበር። ጨዋታው ከተሰረዘ ቅጣቱም አብሮ ተሰርዟል ብለው አሰቡ መሰለኝ፤ ቱኒዚያን 2 ለ 0 ባሸነፉበት ቀን አሰለፉት። ቅጣቱ ግን በቦታው ነበር። ወደ መጨረሻው ጥሎ ማለፍ ያለፈችው ቱኒዚያ ሆነች።

ያ ቀን ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ነው። በዚያኑ ቀን እኛም ብራዛቪል ውስጥ ነበርን። ማዕከላዊ አፍሪካ በመፈንቅለ መንግሥት ታምሳ ስለነበር የሜዳ ጨዋታዋን በኮንጎ ታካሂዳለች። ነጥባችን 10፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ ቦትስዋና በእኛው ስጦታ 7። ደቡብ አፍሪካ በሜዳዋ ቦትስዋናን 4 ለ 1 ስለረታች፣ እኛ አቻ ብንወጣ በጎል ልዩነት ቤታችን ነበርን። ማዕከላዊ አፍሪካ ቀድማ አገባች። ያኔ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት የነበረ ሰው የሆዱን ያውቀዋል።

ከእረፍት በኋላ አቻ ያደረገን ማን መሰላችሁ? ምንያህል ተሾመ! ከዚያ ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1 አሸንፈን በ13 ነጥብ ምድቡን ጨረስን፤ ቢሮ የጣለውን ሦስት ነጥብ ሜዳ መለሰው። ፌዴሬሽኑ ለዚህ ልጅ ይቅርታ ከጠየቀ መልካም። ካልጠየቀም ዛሬም አልረፈደም።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ሲያገባ ለደቂቃዎች ብራዚል ታይታን ነበር። ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት አግብቶ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገመ። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ከብራዚል በአንድ እርምጃ ቀሩ፤ ያኔ ያስቀራቸው ግን የተሻለ ቡድን ነው፣ ወረቀት አይደለም።

የሰኔ 1ዱ ጨዋታ በፊፋ መዝገብ ላይ ዛሬም “ቦትስዋና 3፣ ኢትዮጵያ 0” ይላል። ከሦስቱ ጎሎች አንዷም አግቢ የላትም።