ሕጉ ሁለት በር ሲከፍት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። ዙሪያው ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ነው። በዚህ አገር ከጣሊያን ወረራ በፊት ትምህርት ማለት በአብዛኛው የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያማረው ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የሚሻም ወደ ጎንደር በአታ ያቀናል። ይህም ቢሆን ለሁሉም የሚሆን አልነበረም፤ ሙስሊሙ ልጁን ቁርኣን ቤት፣ ቤተ እስራኤሉም ወደ ገዛ ካህናቱ ይልክ ነበር።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር በጣሊያን ጦር እጅ ገባች። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ግንቦት 24፣ ሮማ ያወጣችው ሕግ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ በአዲስ ወሰን ሸነሸናት። ፎገራ መቀመጫው ጎንደር በሆነው «አማራ» በተባለው ግዛት ውስጥ ወደቀ። የማስተማሪያው ቋንቋም በወሰኑ ልክ ተደለደለ፦ እዚህ አማርኛ፣ ሐረር ላይ ሐረሪና ኦሮምኛ፣ በሙስሊሞች አገር ደግሞ ዐረብኛ ግዴታ ሆነ።

ለፎገራ ገበሬ ልጅ ይህ ችሮታ ሊመስል ይችላል፤ በገዛ ቋንቋው ነዋ! ግን ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ለጣሊያን ልጆች፣ ሌላው «ለቅኝ ተገዢዎች»። ተገዢው የሚማረው ለማገልገልና ለመታዘዝ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ ቀድሞ በተያዘችው ኤርትራ ጣሪያው አራተኛ ክፍል ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለነጭ ልጆች ብቻ ተሰጠ። የጎንደር ከተማ ፕላንም የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለያይቶ ተነደፈ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ትምህርት ቤት ይከፈት ቢባል አስተማሪ ከየት ይምጣ?

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ሲያመጣ «የፋሽስት ካርታ ተመለሰ» ያሉ ነበሩ። ወሰንና ቋንቋ መገጣጠሙ እኔንም ያሳስበኛል፤ ቦስኒያ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆች በየብሔራቸው ሲለያዩ ዓለም አይቷል። ፖሊሲውን ከፋሽስቱ ካርታ ጋር ማነጻጸር ግን ዋናውን ነገር ይስታል። ሰቆጣ ላይ በኽምጣና፣ ከሚሴ ላይ በኦሮምኛ ፊደል የቆጠረ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ከወረታው ልጅ ጋር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ይወዳደራል። ሮማ የዘጋችው ይህንን በር ነበር።